የወዳጆች ጉዞና የመጨረሻው ቀን

ሰው ከወዳጆቹ ጋራ ለጉዞ ሲነሣ ስለ መጀመሪያው ቀን ብዙ ያስባል። ስንቁን ይሰንቃል፥ ልብሱን ያዘጋጃል፥ የሚያድርበትን ቤት ያጠያይቃል፥ የመንገዱንም ወጪ ያሰላል። ስለ መጨረሻው ቀን አስቦ የሚነሣ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የጉዞ መልኩ የሚታወቀው በአነሣሡ ሳይሆን በአገባቡ ነው፤ አባቶቻችንም መንገደኛን ሲመርቁ «መጨረሻውን ያሳምርልህ» ማለታቸው ይህን ስለሚያውቁ ነው። እኛም በዚህ ወር ዓምዳችን ከውድ አንባቢዎቻችን ጋራ የምንነጋገረው ስለዚሁ ስለ መጨረሻው ቀን ነው። ምሳሌያችንንም የምንወስደው በብዙ አገር ያሉ ወዳጆች በቡድን ሆነው ከሚሄዱበት ከጎልፍ ጨዋታ ጉዞ ነው።

«ጎልፍ የባለጠጎች ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ቤት ምን ያገባዋል?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም። በአገራችን በገና ሰሞን ጎበዛዝት ቈልማማ ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ ያየ ሰው የጎልፍን ነገር በግማሽ አውቆታል ለማለት ይቻላል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በገና ጨዋታ ሁለት ወገን አንዲቱን ሩር ይሻማል፤ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ይመታል፥ የሌላውን ኳስ የሚነካ የለም። ተጫዋቹ ከ14 የማይበልጡ ልዩ ልዩ ዱላዎችን ይዞ፥ ትንሿን ኳስ በሜዳው ላይ እየመታ፥ ወርዷ 10.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነች ጕድጓድ ያገባታል። ጕድጓዶቹ 18 ናቸው፤ ሁሉንም በጥቂት ምት የፈጸመ ያሸንፋል። ተቀናቃኙም ከጓደኛው ይልቅ የገዛ ራሱ ዐይንና እጅ፥ ከሁሉም በላይ የገዛ ራሱ ቍጣ ነው።

ይህ ጨዋታ ሥር የሰደደበት አገር ስኮትላንድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1457 የስኮትላንድ ሸንጎ፥ ሰዎች ቀስት መወርወር መለማመዳቸውን ትተው በጎልፍና በእግር ኳስ ጊዜያቸውን ያጠፋሉ በማለት ሁለቱንም በሕግ ከልክሎ ነበር። ሕጉ አለፈ፤ ጨዋታው ግን ቀረ። በዛሬው ጊዜ የጎልፍ ወዳጆች ከየአገሩ ተሰባስበው የሚሄዱባት ከተማ ሴንት አንድሩስ ትባላለች። ስሟ የተወሰደው ከሐዋርያው ከቅዱስ እንድርያስ ነው። በ1318 በንጉሡ በሮበርት ብሩስ ፊት የተቀደሰው ታላቁ ካቴድራሏ ዛሬ ፍርስራሹ ብቻ በባሕሩ ዳር ቆሞ ይታያል። በስተ ሌላው ወገን ደግሞ፥ ከአሸዋውና ከሣሩ መካከል፥ «አሮጌው ሜዳ» የሚባለው የጎልፍ ሜዳ ተዘርግቷል። የሜዳው ጕድጓዶች በ1764 ከ22 ወደ 18 ዝቅ ተደርገው ነበር፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ 18 ጕድጓድ ልማድ ሆኖ መገኘቱ መነሻው ከዚያ ነው።

የዚህ ሜዳ አቀማመጥ ለነገራችን የሚስማማ ነው። ተጫዋቹ ከከተማው ጫፍ ይነሣና ዘጠኙን ጕድጓድ ከከተማው እየራቀ ይሄዳል፤ ሌላውን ዘጠኝ ደግሞ ፊቱን ወደ ከተማው መልሶ ይጫወታል። መንገዱ በጠቅላላው ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንደ ምንጣፍ ተስተካክለው ከተሠሩት የሣር መደቦች ውስጥ ሰባቱ እያንዳንዳቸው ሁለት ጕድጓድ ስላላቸው፥ የሚሄደውና የሚመለሰው በአንድ መደብ ላይ ይገናኛሉ። የሚሄደው ትኩስ ነው፥ ተስፋው ገና አልተነካም። የሚመለሰው ደክሟል፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውንም መፋቅ አይችልም። ሁለቱ ሰላምታ ተለዋውጠው ያልፋሉ። በጉዞም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ሰውና የመጨረሻው ቀን ሰው አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

እንግዲህ አራት ወዳጆች ለአንድ ሳምንት ወደዚህ ሜዳ ሄዱ እንበል። በጨዋታው ልማድ አንድ ቡድን ከአራት አይበልጥምና ቍጥሩ የተለመደ ነው። በአሮጌው ሜዳ ለመጫወት የሚሻ ብዙ ስለ ሆነ ስማቸውን ለዕጣ ያስገባሉ፤ ዕጣ ቢወጣላቸው ደስ ይላቸዋል፥ ባይወጣላቸው በከተማዋ ካሉት ከሌሎቹ ሜዳዎች በአንዱ ይጫወታሉ። እስከ አምስተኛው ቀን ሁሉ መልካም ነው፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ይስቅበታል፥ ማታም ገበታ ከበው ያወጋሉ። በመጨረሻው ቀን ግን ነገር ይለወጣል። አንዱ እግሩን ታሟል። አንዱ ሳምንቱን ሁሉ ተሸንፏልና «አንድ ጊዜ ደግመን እንጫወት» ይላል። ሦስተኛው ሻንጣውን አስሮ ሰዓቱን ይመለከታል። አራተኛው የሁሉን ምሳ ሲከፍል ሰንብቶ፥ እንዳይናገር ወዳጅነቱ ይዞት፥ እንዳይተወውም ኪሱ አስጨንቆት ዝም ብሏል። የብዙ ዘመን ወዳጅነት የሚጐዳው በእንደዚህ ያለ ቀን ነው። የድካምና የችኰላ ቀን ስለ ሆነ፥ ሳምንቱን ሙሉ ተሸፍኖ የቈየው ሁሉ በዚያን ዕለት ይገለጣል።

ስለዚህ ከመለያየት በፊት መቅደም ያለበት ሒሳብ ነው። በጎልፍ ውድድር አንድ ሥርዐት አለ፤ ተጫዋቹ የምቱን ቍጥር የሚጽፍለት ራሱ ሳይሆን አብሮት የሚጫወተው ሰው ነው። በፍጻሜው ወረቀቱን ተቀብሎ ያነባል፥ ትክክል መሆኑን አይቶ ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። በ1968 ሚያዝያ 14 ቀን በአሜሪካ፥ በጆርጂያ ክፍለ አገር፥ በኦገስታ ከተማ የሆነው ይህን ያስረዳል። የአርጀንቲናው ተወላጅ ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ በማስተርስ ውድድር የመጨረሻ ቀን ድንቅ ጨዋታ ተጫወተ፤ ያ ቀን 45 ዓመት የሞላበት የልደት ቀኑም ነበረ። በ17ኛው ጕድጓድ በ3 ምት አገባ፤ አብሮት ሲጫወት የነበረው ቶሚ አሮን ግን በስሕተት 4 ብሎ ጻፈለት። ዴ ቪሴንሶም በሚገባ ሳይመረምር ፈረመ። በሕጉ መሠረት የተፈረመው የሚበልጠው ቍጥር ጸና፤ ከቦብ ጎልቢ ጋራ እኩል ሆኖ በማግስቱ መግጠም ሲገባው በአንድ ምት ተሸናፊ ሆነ። ታዲያ ሰውዬው ጓደኛውን አልወቀሰም፤ ሳያነብ የፈረመው እርሱ ራሱ ነውና ጥፋቱ የእኔ ነው አለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ሒሳብ በጊዜው፥ በጸጥታ፥ ተቀምጦ የሚታይ ነገር መሆኑን ነው። ወዳጆች አብረው ሲጓዙ የቤቱን ኪራይ፥ የመኪናውን፥ የምግቡን ወጪ በየማታው ቢጽፉና ከመለያየታቸው በፊት በነበረው ሌሊት ቢተሳሰቡ፥ በመጨረሻው ጧት በሆቴል ደጃፍ ላይ ቆመው በሳንቲም አይነታረኩም። ለወዳጅ መቍጠር ነውር ይመስለናል፤ ነውሩ ግን ሳይቈጥሩ ቀርቶ ቂም መያዝ ነው። ሁለተኛው፥ ሒሳቡ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ ከጓደኛ ይልቅ ራስን ማየት ነው። አሮን ክፉ አስቦ አልጻፈም፤ ዴ ቪሴንሶም ይህን ስላወቀ የሰውየውን ስም ሳያጐድፍ ሄደ። ዋንጫውን አጣ፤ ክብሩ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል።

ማንም በማያየው ነገር ደግሞ ሰው የራሱ ዳኛ መሆን አለበት። በ1925 በአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮና ቦቢ ጆንስ የተባለው ታላቅ ተጫዋች በረጅሙ ሣር ውስጥ ያለች ኳሱን ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰች። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። ዳኞቹ ቢጠይቁም የሚመሰክር አልተገኘም፤ እርሱ ግን በራሱ ላይ አንድ ምት አስቈጠረ። ውድድሩ ሲፈጸም ከዊሊ ማክፋርሌን ጋራ እኩል ሆኑ፤ በመለያውም ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎች ስለ ታማኝነቱ ሲያመሰግኑት፥ ባንክ ስላልዘረፈ እንደሚመሰገን ሰው ቈጥሮት ምስጋናውን አልቀበልም አለ። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ በጠጠርም በኳስም ሲጫወቱ «አላየኸኝም!» ብለው ሲከራከሩ እንሰማለን። ይህን ታሪክ ብንነግራቸው መልካም ነው።

ከሒሳብ ቀጥሎ የሚመጣው ማቆምን ማወቅ ነው። የሳምንት ጉዞ ፍጻሜው ብዙ ጊዜ እሑድ ላይ ይውላል። በሴንት አንድሩስ ከታላላቅ ውድድሮች በቀር አሮጌው ሜዳ በእሑድ ለጨዋታ ይዘጋል። ሌሎቹ ሜዳዎች ክፍት ናቸው፤ ይህ ግን ያርፋል። ስኮትላንዳውያን ስለ ሰንበት ብዙ የተከራከሩ ሕዝብ ናቸው፤ በ1592 የኤዲንብራ ከተማ ሹማምንት በሰንበት ጎልፍ መጫወትን ከልክለው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሮጌው ሜዳ ጠባቂ የነበረው ሽማግሌው ቶም ሞሪስ፥ ተጫዋቾቹ ዕረፍት ባያስፈልጋቸው እንኳ ሜዳው ዕረፍት ያስፈልገዋል ይል ነበር ይባላል። ስለዚህ በእሑድ ቀን ያ የታወቀ ሜዳ የሕዝብ መናፈሻ ይሆናል። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ ይሄዱበታል፥ ሕፃናት ይሯሯጡበታል፥ ሰዎች ውሾቻቸውን ይዘው ይዘዋወሩበታል። ከሩቅ አገር መጥቶ «አንድ ጊዜ ደግሜ ልጫወት» የሚለው እንግዳም ዱላውን አስቀምጦ፥ ሳምንቱን ሙሉ ሲሯሯጥበት የነበረውን ሣር በእግሩ ቀስ ብሎ ይረግጠዋል።

በእኛም ዘንድ ሰንበት ምን እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገንም። ለማለት የምንሻው ይህን ብቻ ነው፤ ዕረፍት ሳይኖረው እስከ ፍጻሜው ደቂቃ የተጨናነቀ ጉዞ ሰውን ከሄደበት ይልቅ ደክሞ ይመልሰዋል። ደክሞ የገባ አባት ደግሞ በቤቱ ሲሰለች ይታያል። ልጆቹ በሩ ላይ ሲጠብቁት ውለው፥ እርሱ ሻንጣውን ጥሎ ከተኛ፥ ለወዳጆቹ ሳምንቱን ሰጥቶ ለቤቱ ትራፊውን ይዞ መጣ ማለት ነው።

ይህም ወደ መጨረሻው፥ ከሁሉም ወደሚከብደው ነገር ያመጣናል፤ ይኸውም ፊትን ወደ ቤት መመለስ ነው። የሽማግሌው ቶም ሞሪስ ልጅ፥ ስሙ እንደ አባቱ ቶም የሆነው፥ በዘመኑ እርሱን የሚያህል ተጫዋች አልነበረም። የብሪታንያን ሻምፒዮና በ1868፥ በ1869፥ በ1870ና በ1872 አከታትሎ አሸነፈ፤ በ1871 ውድድሩ አልተደረገም ነበር። በ1875 በመስከረም ወር አባትና ልጅ ከፎርዝ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ወደ ኖርዝ በርዊክ ሄደው ከፓርክ ወንድማማቾች፥ ከዊሊና ከመንጎ ጋራ ይጫወቱ ነበር። የወጣቱ ሚስት ማርጋሬት በቤቷ የመውለጃዋ ወራት ደርሶ ነበር። ሁለት ጕድጓድ ብቻ ሲቀር ቴሌግራም መጣ፤ ምጡ ጸንቶባታልና ፈጥኖ ይምጣ የሚል ነበር። ጨዋታውን ፈጸሙ፥ አሸነፉም። የባቡሩ መንገድ ዙሪያ ስለ ሆነ፥ በጎ ሰው በሰጣቸው ጀልባ ባሕሩን በሌሊት ተሻገሩ። ነገር ግን ወጣቱ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱም ሕፃኑም ዐርፈው ነበር።

ከተጋቡ ገና አንድ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ወጣቱ ከዚያ በኋላ ጥቂት ተጫወተ፤ ልቡ ግን አልተመለሰም። በዚያው ዓመት፥ በምዕራባውያን የገና በዓል ቀን፥ በ24 ዓመቱ ሞተ። አባቱ ከእርሱ በኋላ 32 ዓመት ያህል ኖሮ በ1908 ዐረፈ። ሁለቱም በፍርስራሹ ካቴድራል ቅጽር ውስጥ ተቀብረዋል፤ በወጣቱ መቃብር ላይ ያለውን ሐውልት 60 የጎልፍ ማኅበሮች ገንዘብ አዋጥተው አሠርተውለታል።

ይህን ስንጽፍ በወጣቱ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ሁለቱን ጕድጓድ ትቶ ቢሄድም በጊዜው ላይደርስ ይችል ነበር፤ የዚያ ዘመን መንገድም መርከብም ከነገሩ ፍጥነት ጋራ አይተካከልም። ኀዘኑንም እርሱ ራሱ እስከ ሞቱ ተሸክሞታል። ነገር ግን የቀረን እኛ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጨዋታው እስኪፈጸም ድረስ ቤት ዝም ብሎ አይጠብቅም። እኛ በሜዳ ሳለን በቤት ሕፃን ይታመማል፥ አሮጊት እናት ትወድቃለች፥ ሚስት ብቻዋን የማትችለው ሸክም ይደርስባታል። በዛሬ ጊዜ ቴሌግራም የሚጠብቅ የለም፤ ስልኩ በየኪሱ ነው። ስልክ በኪስ መኖሩ ግን ልብ በቤት መኖሩን አያረጋግጥም። ከወዳጆቹ ጋራ ሲስቅ ሰንብቶ «ደኅና ናችሁ?» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ያላገኘ ሰው ከወጣት ቶም ይልቅ ምክንያት የለውም።

በዚህም ሚስት ባሏን ከወዳጆቹ ትከልክለው ማለታችን አይደለም። ወዳጅ የሌለው ባል ለቤቱም ይከብዳል፤ ሚስትም ከእኅቶቿና ከባልንጀሮቿ ጋራ የምትሄድበት የራሷ ቀን ሊኖራት ይገባል። የምንለው፥ ከመነሣት በፊት ሁለቱ ተቀምጠው ይመካከሩ ነው። በቤት የታመመ አለን? የሚወለድ አለን? የሚከፈል ዕዳ አለን? ክፉ ወሬ ቢመጣስ ማን ለማን ይደውላል? ወዳጆቹም እርስ በርሳቸው ይህን ይነጋገሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ወደ ቤቱ ቢጠራ ጨዋታው በዚያው እንዲቆም፥ ማንም «ሁለት ብቻ ቀርቷል» እንዳይለው ቃል ይግቡ። እንዲህ ያለ ቃል የሚሰጡ ወዳጆች ያሉት ሰው በእውነት ወዳጅ አለው።

በመልካም የተፈጸመ ፍጻሜ ደግሞ ምን እንደሚመስል እናንሣ። በአሮጌው ሜዳ በመጨረሻው ጕድጓድ መንገድ ላይ፥ በአንዲት ትንሽ ጅረት ላይ የተሠራች ስዊልካን የምትባል የድንጋይ ድልድይ አለች። ጥንት ከብት የሚነዱ ሰዎች ይሻገሩባት ነበር ይባላል። በ2005 ሐምሌ ወር ጃክ ኒክላውስ በ65 ዓመቱ በብሪታንያ ሻምፒዮና ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወት በዚህች ድልድይ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ተሰናበተ። ዱላውን የሚሸከምለት የገዛ ልጁ ነበረ። ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ቀኖች ለማለፍ ቍጥሩ አልበቃውም፤ ቢሆንም የመጨረሻዪቱን ኳስ ከተወሰነው ምት አንድ ቀንሶ አገባት።

ከእርሱ አስቀድሞ በ1958 ያ ስለ ታማኝነቱ ያነሣነው ቦቢ ጆንስ ወደ ሴንት አንድሩስ ተመልሶ ነበር። በ1921 በዚያ ሜዳ ተናድዶ ውድድሩን አቋርጦ የወጣ ወጣት፥ በ1927 በዚያው ሜዳ አሸናፊ ሆኖ ነበር። አሁን ግን በአከርካሪው ሕመም ምክንያት ያለ ድጋፍ መራመድ አይችልም ነበር። ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠችው፤ ከእርሱ በፊት ይህን ክብር ያገኘ አሜሪካዊ በ1759 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ብቻ ነበረ። ከአዳራሹ ሲወጣ ሕዝቡ በአገሩ የስንብት ዜማ ሸኘው። ዳግመኛም ወደዚያች ከተማ አልመጣም፤ በ1971 ዐረፈ። መጀመሪያ በቍጣ የወጣበትን ስፍራ በመጨረሻ በፍቅር ተሰናብቶ መሄድ ለሰው ሁሉ አይሰጥም። ያገኘው ግን ከዋንጫ ሁሉ የሚበልጥ ነገር አግኝቷል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፥ በዚህ ዓመት ከወዳጆቻችሁ ጋራ ለመንገድ የምትነሡ ሁሉ፥ ጉዞው ወደ ጎልፍ ሜዳም ይሁን ወደ ዘመድ ሠርግ፥ ወደ ፍል ውኃም ይሁን ወደ ገዳም፥ ለመጨረሻው ቀን ቦታ አስቀምጡለት። በዋዜማው ተሳሰቡ። የተበላሸ ነገር ካለ ሳትለያዩ ይቅር ተባባሉ። ለዕረፍት ጥቂት ሰዓት አትርፉ። ወደ ቤታችሁ ስትገቡም ለልጆቻችሁ ከሻንጣችሁ የሚወጣውን ስጦታ ከመስጠታችሁ በፊት ፊታችሁን ስጧቸው። ቤት ያለውም «እንኳን በሰላም ገባህ» ሲል ከልቡ እንዲሆን፥ የሄደው «እንኳን በደኅና ቈያችሁኝ» የሚለው ከልቡ ይሁን።